አውራ ጣት የምታህል ምስክር

ከጃፓን ከተመለስኩ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሰላም ባጃጅ መሳፈር አቅቶኛል። ሾፌሩ ገና ሞተሩን ሳያስነሳ «መምህር፣ እስቲ ስለዚያ ፈጣን ባቡር ያጫውቱን» ይለኛል። ፈጣኑን ባቡር አልተሳፈርኩበትም። ስመ ጥሩውን ተራራቸውንም ያየሁት በአውሮፕላን መስኮት ነው፤ ያውም ግማሹን ደመና ሸፍኖት። የሄድኩት የመስኖ ፓምፕ ጥገና ስልጠና ለመውሰድ ነበር፣ ልቤ ግን ፓምፑ ላይ አልነበረም። የት እንደነበረ ከመነሻው ልጻፈውና ልገላገል።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ አስጠሩኝ። እናቴ ገበያ ስትውል እኔን ሲያበሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው አራት ዓመት ሆኖታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም። ልጃቸው ሰይድ ለትምህርት ጃፓን ሄዶ እዚያው ሥራ ይዞ ቀርቷል። በየጁምዓው ሳያሰልስ ይደውል የነበረው ልጅ፣ ሰባት ወር ሆነው፣ ድምፁ ጠፋ። በስልክ መልእክት ይጽፋል፤ እህቱ ከድጃ ታነብላቸዋለች። ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ጽሑፍማ ማንም ይጽፈዋል» አሉኝ እትዬ ፋጡማ። «አንድ ቀን ተደወለልኝ። ባነሳው እንደ ነፋስ እፍ እፍ የሚል ነገር 'እማ' አለኝ። የልጄ ድምፅ እንዲህ ነው? ጓደኞቹ ናቸው። በሞተ ልጄ ስም አትቀልዱ ብዬ አባቱ ድረስ ሰድቤ ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲያ የደወለ የለም።»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ሆኖ ይሞታል! ደህና ነው» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩና «አንተ ያኔም ደህና ነው ብለኸኝ ነበር» አሉ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔ የሚሉት ባለቤታቸው ጋሽ አህመድ የሞቱ ጊዜ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ በጅቡቲ መንገድ ላይ መኪናቸው ተገልብጦ አረፉ። እኛ አገር መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሽማግሌ እስኪመጣ ይደበቃል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ «ወባ ይዟቸው አፋር ተኝተዋል፣ ደህና ናቸው» ያልኳቸው እኔ ነኝ። በአሥረኛው ቀን ሽማግሌዎቹን ይዤ ጎህ ሲቀድ የገባሁትም እኔው ነኝ። ክፋት አልነበረም፣ ወጋችን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ለእትዬ ፋጡማ ሰው ደጋግሞ «ደህና ነው» ካላቸው ሞቷል ማለት ነው።

ከትራሳቸው ስር አዲስ ሽርጥ አወጡ። ጫፉ ላይ ያሉትን ክሮች በጣታቸው ገምደው ሦስት ድፍን ድፍን ያሉ ቋጠሮዎች አስረውበታል። «ካለ ይታጠቀው። አንተም በዓይንህ አይተህ ናና ንገረኝ። ከሌለ ግን ሽማግሌ አትሰብስብብኝ፣ በአላህ ይዤሃለሁ። ብቻህን ና።»

ከድጃ እስከ በር ሸኘችኝ። «ጋሼ፣ ለእማ እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ በዝቅታ። «ፎቶ ይልካል፤ ግን አዲስ ፎቶ አይደለም። ሁሉም የካቻምና ነው።» ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሰኞ። ሰው ሁሉ «ጃፓን ብርድ ነው፣ በረዶ ነው» ብሎ ስላስፈራራኝ የባለቤቴ ወንድም ካፖርቱን አውሶኛል። በነሐሴ፣ በሸዋ ሮቢት መናኸሪያ፣ ካፖርት የታቀፈ ሰው እስቲ አስቡት። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት የሽንኩርት ነጋዴ ሴት ትንሽ አየት አደረጉኝና «ወንድሜ፣ ወባ ተነሳብህ እንዴ?» ብለው ግንባሬን ዳሰሱኝ። አለመታመሜን ሲያረጋግጡ ደግሞ ይስቁብኝ ጀመር። ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ በእግር የሚሄድ ያህል ነበር የሚነዳው። ደብረ ብርሃን ስንወርድ ካፖርቱን ለበስኩ። ከዚያች ሩብ ሰዓት በቀር በጉዞው ሁሉ ካፖርቱ አልጠቀመኝም።

ማክሰኞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተሳፈርኩ። ፍልሰታ ነበርና ሻንጣዬ ውስጥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዣለሁ። አስተናጋጇ ዶሮ ይዛ ስትመጣ «ጾመኛ ነኝ» አልኳት፤ ሙዝ ከየት እንዳመጣችልኝ እንጃ፣ ሦስት ሙዝ አመጣችልኝ። ተባረኪ።

ረቡዕ ደረስን። ከአየር ማረፊያው ስወጣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ወይ ጉድ! ሸዋ ሮቢት ተከትላኝ የመጣች መሰለኝ። እንዲያውም የእኛው ይሻላል፤ የእኛ ሙቀት ጥላ ስር ሲገቡ ይለቃል፣ የእነሱ ግን ጥላ ስርም ይከተላል። መንገደኛው ሁሉ ካፖርቴን በትሕትና አየ፣ ማንም ምንም አላለኝም። የአገሬ ሰው ቢሆን ግንባሬን ዳስሶ በሳቀብኝ ነበር።

ያረፍኩት ከሥልጠናው ቦታ አጠገብ ሚቺኮ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ቤት ነው። ቤቱ ንጹህ ነው፣ ግን በሮቹ የተለኩት በእኔ ቁመት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ግንባሬን መታኝ፤ ሴትዮዋ በመታኝ ቁጥር እሳቸው የመቱኝ ይመስል እጅ እየነሱ ይቅርታ ይጠይቁኛል። የምንግባባው በስልካቸው ነው፤ እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ስልኩ በቋንቋቸው ይነግራቸዋል። ሥጋም ወተትም እንቁላልም እንደማልበላ ነገርኳቸው። ራት ላይ በሳህን ነጭ አይብ አቀረቡልኝ። እንዴ! አሁን ነግሬአቸው? ሳህኑን በእጄ ገፋ አደረግኩት። ግራ ገብቷቸው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ከረጢት አኩሪ አተር ይዘው ተመለሱ። አንዷን ፍሬ አንስተው አሳዩኝ፣ ከዚያ አይቡን አሳዩኝ፣ ደግሞ ፍሬዋን። ለካስ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነገር ነው! እፍረቴን ከአይቡ ጋር ዋጥኩት። ጨው ያንሰዋል እንጂ ጥሩ ነበር።

ለሰይድ መድረሴን ጻፍኩለት። ደወልኩ፣ አላነሳም። ቆይቶ እንዲህ የሚል መልእክት መጣ፤ «ጋሼ እንኳን ደህና መጡ። ስንገናኝ እነግርዎታለሁ። እሑድ ጠዋት በዚህ አድራሻ ይምጡ።»

ስንገናኝ እነግርዎታለሁ! በእኛ ዘንድ ይህ ግማሽ መርዶ ነው። ሰው ደህና ከሆነ ደህና ነኝ ብሎ ስልክ ያነሳል። «ና፣ እንዲህ ካለ ቦታ ጠብቀን» የሚባለውማ ሽማግሌ ሲሰበሰብ ነው፤ እኔ ራሴ ስንቱን ጠርቼበታለሁ። ስልኩን የያዙት ጓደኞቹ እንደሆኑና እሑድ ከበው እንደሚያረዱኝ እርግጠኛ ሆንኩ።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ፓምፕ ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ነው። አርብ ዕለት መዘውሩን ገልብጬ መግጠሜን አይቶ ምንም ሳይናገር ፈታው፣ ደግሞ ሰጠኝ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ሥራ ነው! እህሉም አልወርድ አለኝ። ሚቺኮ ሳህኑ እየተመለሰ ቢያስቸግራቸው ስልካቸውን ይዘው ፊቴ ተቀመጡ። ለማንም ያልተናገርኩትን ለዚያ ስልክ ተናገርኩት፤ ስለ ሰይድ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ጋሽ አህመድ፣ ስለ ዘጠኙ ቀን። ስልኩ ምን ብሎ እንደነገራቸው እግዜር ይወቅ፤ ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ «እሑድ እኔም እሄዳለሁ» አለኝ ስልኩ።

እሑድ በከተማ ባቡር ሄድን። ሽርጡን በፌስታል ይዣለሁ። ባቡሩ ውስጥ ሰው አይነጋገርም፤ ከጀውሃ እስከ ካራቆሬ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ የሚወራው እዚያ ዓመት ይበቃል። ዝምታው ደግሞ ለእኔ ልብ አልተስማማውም። አድራሻው ባሕሩ አጠገብ ያለ መጋዘን የሚመስል ትልቅ ሕንጻ ነው። በሩ ላይ አንገታቸውን የደፉ ሦስት አራት ሐበሾች ስፈልግ፣ ያየሁት ፊኛ የያዙ ሕፃናትና የመግቢያ ትኬት መቁረጫ ነበር።

ውስጡ ትንንሽ ዓለም ነው። ሌላ ምን ልበለው? ከተማዎች፣ ተራራዎች፣ የባቡር ጣቢያዎች፣ ሁሉም ወገብ በሚደርስ መደብ ላይ ተሠርተዋል፤ ሰዎቹ ሦስት አራት የማሾ ፍሬ ቢደራረብ ያህል ናቸው። አውሮፕላኖች ከሜዳቸው ይነሳሉ፣ መኪኖች መብራት ሲቀየር ይቆማሉ፣ ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች፣ ልብሱም አለ። በየጥቂት ደቂቃው የጣሪያው መብራት ይደበዝዝና በየቤቱ መስኮት ብርሃን ይበራል፤ ሳትጠግቡት ደግሞ ይነጋል። ሕፃናቱ ይጮኻሉ። እኔ የሚያረዱኝን ሰዎች እየፈለግኩ ባይሆን ኖሮ እጮህ ነበር።

እንዲህ ስዟዟር አንዲት ከባድ መኪና ተገልብጣ አየሁ። የክብሪት ቀፎ ታህላለች፤ ከተራራው ጥግ ከመንገድ ወጥታ በጎኗ ተኝታለች። ከአጠገቧ ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ያልፋሉ፣ አንድም የቆመ የለም። እንደ እኔ ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ያደገ ሰው የተገለበጠ መኪና አይቶ አያልፍም፤ እኛ ጋ እኮ ሾፌሩ ሳይወጣ ሃያ ሰው ይደርሳል። ጋሽ አህመድም ትዝ አሉኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አጥሩን ተሻግሬ እጄን ዘረጋሁና መኪናዋን ቀና አደረግኳት። ስመለስ ግን እጅጌዬ ጃንጥላ የያዙትን ሰዎች ከነጃንጥላቸው ጠረጋቸው።

ደወል ጮኸ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ እየሮጠች መጣች፣ ሚቺኮም ደረሱ። ልጅቷ እጅ ትነሳለች፣ ሚቺኮ ከእሷ ዝቅ ብለው ይነሳሉ፣ እኔም መሐል ቆሜ ለሁለቱም እነሳለሁ። ልጅቷ በመገናኛዋ አንድ ነገር ተናገረች። ትንሽ ቆይቶ ከተራራው ጀርባ ያለች ትንሽ በር ተከፈተችና የሥራ ልብስ የለበሰ፣ ብሩሽ የያዘ፣ አንገቱን በሻሽ የጠቀለለ ቀጭን ሰው ብቅ አለ።

ሰይድ ነው።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እንደጮኽኩ ነግረውኛል። አቅፌው ጀርባውን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን ዳበስኩት፤ ሥጋ ነው፣ አጥንት ነው፣ ይሞቃል። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ሕፃን እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሚቺኮም አለቀሱ። ሰይድ ከኪሱ ማስታወሻ ደብተር አወጣና እንዲህ ጻፈልኝ፤ «የሸዋ ሮቢት ሰው መምጣቱን ያወቅኩት አንድ ጎብኝ የተገለበጠ መኪና ሊያነሳ ገባ ሲሉኝ ነው።»

ሻሹን ገለጥ አድርጎ ጠባሳውን አሳየኝ። ጉሮሮው ላይ እባጭ ወጥቶ ተቀዶለታል። እባጩ ተወግዷል፣ ድኗል፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። በልምምድ ቀስ በቀስ ይመለሳል ብለውታል፤ ለጊዜው ያለው ሹክሹክታ ብቻ ነው። በምግብ ቤት ያስተናግድ ነበርና ያን ሥራ ተወ። እዚህ ንግግር የማይጠይቅ ሥራ አገኘ፤ ጎብኝ ሳይገባ የከተማዎቹን አቧራ በብሩሽ ያራግፋል፣ የወደቀውን ያነሳል። ለእናቱ ሕመሙን ደበቀ፣ እንዳይጨነቁ። አንዴ ብቻ አላስችል ብሎት ደወለና «እማ» አለ። የተመለሰለትን ታውቃላችሁ።

«እስቲ አሁን ምን ልበላቸው?» አልኩት። «ደህና ነው ብላቸው የሚያምኑኝ መሰለህ? ፎቶ እንዳላሳያቸው አያዩ። ድምፅህን እንዳላሰማቸው አያውቁት።» ሰይድ አንገቱን ደፋ።

ያን ጊዜ ነው ከጥግ ያለውን ሰልፍ ያየሁት። ጎብኝው ተራ በተራ ካሜራ የከበበው ክፍል ገብቶ ይቆማል፤ የራሱ ምስል፣ ከነልብሱ፣ ከነቁመናው፣ በትንሹ ይሠራለታል። የፈለገ አንዷን ከትንሿ ከተማ ውስጥ ያስቆማታል፣ አውራ ጣት የምታህለውን ደግሞ ይዞ ይሄዳል። የእትዬ ፋጡማ ጣቶች ትዝ አሉኝ። ጨለማ ውስጥ ምስር ከጠጠር የሚለቅሙ ጣቶች ናቸው! ፌስታሉን ሰጠሁት። «በል ታጠቅና ግባ» አልኩት።

ሽርጡን ፈታ፣ ቋጠሮዎቹን ሲያይ ፊቱ ላይ ፈገግታ መጣ። በሱሪው ላይ ታጠቀና ቋጠሮዎቹን ወደ ፊት ጥሎ ገባ። ሲወጣ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ «ጋሼ፣ ስለ ጉሮሮዬ ለእማ እንዳይነግሩብኝ።» እሺ አልኩ። እኛ እሺ ለማለት መቼ እንቸገራለን።

ምስሉ ሳምንታት ይፈጃል ይባል ነበር፣ የሥራ ባልደረቦቹ ግን አጣደፉለት። አርብ ስመለስ አየር ማረፊያ ድረስ በትንሽ ሳጥን ይዞልኝ መጣ። ሚቺኮ ደግሞ የአኩሪ አተሩን አይብ ለመንገድ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ካፖርቴንም አስተኩሰውልኝ ነበር። ጥጡን ገልጬ ምስሉን አየሁት። ራሱ ሰይድ ነው። ሳጥኑን በደረት ኪሴ አድርጌ፣ እስከ አዲስ አበባ እጄን ከኪሴ ላይ አላነሳሁም።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ቤቴ ሳልደርስ፣ ካፖርቴን እንደታቀፍኩ፣ በቀጥታ እትዬ ፋጡማ ቤት ገባሁ። ከድጃ ገበያ ነበረች። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ኮቴዬን አዳመጡ።

«ታዴ ነህ?»

«አዎ እትዬ።»

«ብቻህን ነህ?»

«አዎ፣ ብቻዬን...»

ሁለት እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። እኔ ቂል! ከሌለ ብቻህን ና ብለውኝ አልነበር? «ኧረ አለ! እትዬ፣ አለ! አለ!» እያልኩ ጮኽኩ፤ ደንግጬ ሳጥኑን መክፈት አቃተኝ። በመጨረሻ ምስሉን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። «አይመኑኝ» አልኳቸው። «እኔን አይመኑኝ። ይዳስሱት።»

ጣቶቻቸው ከራሱ ጀመሩ። ግንባሩን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን ዳሰሱ። ወገቡ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የሽርጡ ጫፍ የተሸጎጠው በግራ በኩል ነው። «ግራኝ ነው» አሉ ለራሳቸው። «በቀኝ ታጠቅ ስለው እምቢ ብሎ ያደገ።» ወደታች ወረዱና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቋጠሮ ቆጠሩ። «ይህን ያሰርኩት አንተ ልትሄድ ስትል ነው» አሉ። «እህቱ እንኳ አታውቅም።»

ደስታዬን ሳልጨርስ ጣታቸው ወደ ላይ ተመለሰ። አንገቱ ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድነው? ምን ጠምጥሞ ነው?»

አፌ ላይ መልሱ ዝግጁ ነበር። የዘመኑ ልጆች ልብስ ነው፣ ደህና ነው ልል ነበር። ቃል ገብቼለታለሁ። ግን እነዚያ ጣቶች ሻሹ ላይ እንደቆሙ እኔን ይጠብቁኛል። አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እባጩን፣ ቀዶውን፣ ድምፁን፣ ብሩሹን።

ሰምተው ሲጨርሱ እሪ የሚሉ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። «ታሞ ነው?» አሉ። «ታሞ ነው እንጂ አልሞተም? ወላሂ በል!» እኔ ክርስቲያኑ ወላሂ አልኩ። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! እናንተ ሰዎች፣ ሕመሙን ብትነግሩኝ ምን ነበረበት? ሰባት ወር ቀብሬው ኖርኩ እኮ!» በእጃቸው ትከሻዬን ደጋግመው መቱኝ። እንደዚያ ቀን መመታት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ያ የደወለውስ?»

«እሱ ነበር እትዬ።»

«ልጄን ነው የሰደብኩት።»

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ለእኔ ጥሪ ሰይድ አነሳ። «እናትህ ሁሉንም ያውቃሉ» ብዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግኩት። እትዬ ፋጡማ ምስሉን በግራ እጃቸው ጨብጠው «አትናገር፣ እንዳያምህ፣ እኔ ልናገር» አሉ። «አፉ በለኝ ልጄ። ያኔ አላወቅኩህም።»

ከዚያ ወዲያ እንደ ነፋስ ያለች ትንሽ ድምፅ መጣች። እኔም ሰማኋት።

«እማ» አለች።

«ወዬ» አሉ እትዬ ፋጡማ። «ወዬ፣ የኔ ልጅ።»